የሚያንኮራፋ ቤተሰብ

እሑድ ማለዳ ነበር፤ ዲሴምበር 1 ቀን 2013። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጎሕ ሳይቀድ ከፖኪፕሲ የተነሣ የመንገደኞች ባቡር የሐድሰንን ወንዝ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ይከንፋል። ብሮንክስ ውስጥ ስፓይተን ዳይቪል በተባለው ሥፍራ ሐዲዱ ክፉኛ ይታጠፋል፤ እዚያ ላይ ባቡር በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይፈቀድለትም። ያን ዕለት ግን ባቡሩ መታጠፊያው ላይ የደረሰው በሰዓት 132 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው። ሰባቱም ፉርጎዎች ከሐዲዱ ወጡ። የፊተኛው ወንዙ ውስጥ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 60 የሚጠጉ ቆሰሉ።

ሾፌሩ መጠጥ አልቀመሰም። ፍሬኑም ደህና ነበር። እሱ ራሱ ለመርማሪዎች የተናገረው ፈዝዞ እንደነበር ነው፤ ዓይኑ ሐዲዱ ላይ እንደተተከለ ልቡ ሄዷል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2014 እንዳሳወቀው ሰውየውን ሥራው ላይ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ለዚህ ያበቃው ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ይዞት ሳይታወቅለት መቆየቱ ነው፤ ከአደጋው ትንሽ ቀደም ብሎ ፈረቃው ከማታ ወደ ንጋት መዛወሩም ነገሩን አባብሶታል። ምልክቶቹ ሁሉ ነበሩበት፤ ክብደቱ፣ ማንኮራፋቱ፣ ቀን ቀን የሚጫነው ድካም። ሐኪም ዘንድ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። እንቅልፉን የመረመረለት ግን አልነበረም።

ስሊፕ አፕኒያ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየደጋገመ የሚቆረጥበት ሕመም ነው። አንጎል «ተንፍስ» ብሎ ማዘዝ የሚረሳበት ዓይነትም አለ፤ እጅግ የሚበዛው ግን ትእዛዙ ደርሶ ጉሮሮው የሚዘጋበት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው። አየር ከአፍንጫ እስከ ሳንባ በሚጓዝበት መንገድ ላይ አብዛኛው ክፍል ደጋፊ አለው። አፍንጫ በአጥንት ተከብቧል፤ ከማንቁርት በታች ያለው ቧንቧም በለስላሳ አጥንት ቀለበቶች ተይዟል። በመሐል ያለው ጉሮሮ ግን ምላስ፣ ላንቃ፣ ጡንቻና ስብ ብቻ ነው። ነቅተን ሳለን ጡንቻዎቹ፣ በተለይም ምላስን ወደ ፊት ስቦ የሚይዘው፣ መንገዱን ከፍተው ያቆዩታል። እንቅልፍ ሲወስደን ይላላሉ፤ ሕልም በምናይበት ሰዓት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ጉሮሮው ከመነሻው ጠባብ ከሆነ፣ እርጥብ የወረቀት ስትሮ ሲመጠጥ እንደሚጣበቀው ሁሉ ግድግዳው እርስ በርሱ ይለጠፋል። ደረትና ሆድ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፣ የሚገባ ነገር የለም። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ያሽቆለቁላል። ያኔ አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን ለጥቂት ሴኮንድ ያባንነዋል፤ ጉሮሮው በጉርምርምታ ይከፈታል፤ ተመልሶ ያንቀላፋል። ጠዋት ሲነሣ አንዱንም አያስታውስም።

ሐኪሞች የሚቆጥሩት ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሴኮንድ የተቋረጠበትን ወይም በጣም የቀነሰበትን ጊዜ ነው። በሰዓት 5 ካልደረሰ ደህና ነው። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። በሰዓት 30 ማለት በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ መታፈን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ፣ በየሌሊቱ፣ ለዓመታት። በየመታፈኑ የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል፣ ልብ በድንጋጤ ይመታል። ከዚህ ሕመም ጋር የደም ግፊት፣ የልብ ምት መዛባት፣ የአንጎል ምትና የስኳር በሽታ አብረው የሚገኙት በአጋጣሚ አይደለም። በ2019 በሕክምና መጽሔት የወጣ ስሌት እንደሚለው በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን ያህሉ ከቀላል እስከ ከባድ ያለው ስሊፕ አፕኒያ አለባቸው። ከእነዚህ የ425 ሚሊዮኑ ሕመም መካከለኛና ከዚያ በላይ ነው።

ስለዚህ ሕመም ሳስብ ወደ አእምሮዬ ቶሎ የሚመጡት መሪ የጨበጡ ያገሬ ልጆች ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲና ኡበር የሚነዳው፣ ከግዛት ግዛት በከባድ መኪና ጭነት የሚያመላልሰው ሐበሻ ብዙ ነው። ሥራው ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። ምግቡ መንገድ ላይ የተገኘው ነው፤ እንቅልፉም ከጋቢናው ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ፣ ያውም በተገኘው ሰዓት።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ እንዲህ ካለ ሾፌር ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ሰውየው አርባዎቹን ሊያገባድድ ነው፤ ደንደን ያለ፣ አንገቱ አጭር። ባለቤቱ ሁለተኛውን ቀድታ እንደጨረሰች ስልኳን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እስቲ ስማው፣ ወንድሜ» አለችኝ። ሌሊት የቀዳችው ድምፅ ነው። መጀመሪያ የምናውቀው ማንኮራፋት፤ እየከበደ፣ እየጎላ ሄደ። ከዚያ ጸጥ። እሷ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈች መቁጠር ጀመረች። ሃያን አልፋ ስትቆጥር ሰምጦ እንደወጣ ሰው ያለ ሲቃ ተሰማ፤ ማንኮራፋቱ እንደገና ጀመረ።

«ሲያንኮራፋማ እፎይ ብዬ እተኛለሁ» አለች። «ዝም ሲል ነው የምነቃው። ደረቱን እነካዋለሁ፤ ይነሣል ይወርዳል፤ ትንፋሹ ግን የለም።»

«ታጋንናለች» አለ ባልየው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። «አባታችንም እኮ እንዲህ ነበሩ። ደሴ፣ እነ እትዬ ከአጥር ማዶ ሆነው ይሰሟቸው ነበር። ማንም በሽታ ነው ያለ የለም።»

«አባታችሁ በስንት ዓመታቸው ነው ያረፉት?» አለች እሷ። አልመለሰላትም።

ቆይቶ ግን ራሱ አነሣው። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሙ ከሲታ ነው፤ ሥጋ የሚባል የለውም፣ አገጩም ወደ ኋላ ገባ ያለ ነው። «ማንኮራፋቱ ግን ከእኔ ይብሳል። እኔስ እሺ፣ ወፍሬያለሁ። እሱ ምን ሆነ?»

ይህ ጥያቄ ከብዙ ሐኪም ጥያቄ ይበልጣል። መልሱን ፍለጋ ወደ ኦሃዮ፣ ወደ ክሊቭላንድ እንሂድ። እዚያ በ1990 ሱዛን ሬድላይን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የክሊቭላንድ የቤተሰብ ጥናት በሚል የሚታወቀውን ሥራ ጀመሩ። በሽታው የተገኘበትን ሰው ብቻ ማየት ትተው እናቱን፣ አባቱን፣ ወንድም እኅቱንና ልጆቹን ተከተሉ፤ ለማነጻጸሪያም የጎረቤት ቤተሰቦችን አስገቡ። ጥናቱ 16 ዓመት ያህል ቆይቶ 361 ቤተሰቦችንና 2,284 ሰዎችን አዳረሰ፤ ከእነዚህም ግማሽ የሚጠጉት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው።

በ1995 ያወጡት ውጤት ዛሬም ቢሆን ልብ ይሰቅላል። አንድ የቤተሰብ አባል በሽታው ካለበት፣ የሌላው የመያዝ ዕድል ማንም ከሌለበት ቤተሰብ ጋር ሲነጻጸር አንድ ከግማሽ እጥፍ ይሆናል። ሁለት ዘመድ ካለ ሁለት እጥፍ ተኩል፤ ሦስት ካለ አራት እጥፍ ገደማ። ይህ ሁሉ ክብደት፣ ዕድሜና ፆታ ከሒሳቡ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ የተመሳሰለው አንድ ገበታ ቀርቦ አንድ ላይ ስለወፈረ ብቻ አይደለም።

ታዲያ የሚወረሰው ምንድን ነው? ስሊፕ አፕኒያ የሚባል አንድ ዘረመል የለም። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያልፈው የፊትና የመንጋጋ አጥንት ቅርጽ ነው፤ የምላስ ትልቀት፣ የጉሮሮ ርዝመት፣ አንጎል ለትንፋሽ መቀነስ የሚሰጠው ምላሽ፣ እንዲሁም ሰውነት ስብን የሚያከማችበት መጠንና ቦታ ነው። ከክሊቭላንድ ቤተሰቦች የተገኘው ስሌት እንደሚያሳየው ሰዎች በዚህ ሕመም ከሚለያዩበት ልክ ሲሶው ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጠው ከዘር የመጣ ነው። በ2008 ይኸው መረጃ ሌላ ነገር አወጣ፤ ከዘር ከሚመጣው ድርሻ ውስጥ 40 በመቶ የሚሆነው ውፍረትን ከሚያወርሰው ጋር አንድ ነው። የቀረው 60 በመቶ ከክብደት ጋር አይገናኝም።

የሁለቱ ወንድማማቾች ነገር እዚህ ላይ ይፈታል። ትልቁ ከአባቱ ጉሮሮውን ወርሶ ክብደት ጨመረበት። ታናሹ የወረሰው ወደ ኋላ የገባ መንጋጋ ነው፤ መንጋጋ ወደ ኋላ ሲገባ ምላስ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፣ ሰውየው በጀርባው ሲተኛ ምላሱ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። ለዚህ አንድ ኪሎ ትርፍ ስብ አያስፈልገውም። ከሲድኒና ከሆንግ ኮንግ የተውጣጡ ሐኪሞች ነጭ አውስትራሊያውያን ታማሚዎችን ከቻይናውያን ታማሚዎች ጋር ሲያነጻጽሩ ያገኙትም ይህንኑ ነው። የሕመሙ ክብደት እኩል ሆኖ ሳለ ነጮቹ የበለጠ ወፍረዋል፤ ቻይናውያኑ ግን የፊት አጥንታቸው ይበልጥ የጠበበ ነበር። አንዱ ጉሮሮውን በስብ ሞላው፣ ሌላው ሲወለድ የጠበበ ቤት ተሰጠው። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ደግሞ የመሐል ፊታቸው ትንሽ፣ ጡንቻቸው ልል ስለሆነ ሕመሙ በብዛት ያጠቃቸዋል። ስለዚህም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እነዚህ ልጆች አራት ዓመት ሳይሞላቸው የእንቅልፍ ምርመራ እንዲደረግላቸው ይመክራል። እንዲህ ያለ ልጅ የምታሳድግ እናት ይህን ሳትሰማ መቅረት የለባትም።

ይህን ሁሉ ስል ውፍረትን ላቃልል አይደለም። በእጃችን ካሉት መንሥኤዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ አሠራሩም አንድ አይደለም። ስብ ከቆዳ ሥር ብቻ አይከማችም፤ በጉሮሮ ዙሪያ፣ ከሁሉም በላይ ምላስ ራሱ ውስጥ ይገባል። የሰው ምላስ፣ በተለይ የኋለኛው ክፍሉ፣ ብዙ ስብ እንደሚይዝ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በኤምአርአይ ምስል አሳይተዋል፤ ክብደታቸው እኩል ከሆኑ ሰዎች መካከል ሕመሙ ያለባቸው የምላሳቸው ስብ ይበልጣል። በ2020 እነዚሁ ሐኪሞች 67 ወፍራም ታማሚዎች በአማካይ ከክብደታቸው 10 በመቶ ያህል ከቀነሱ በኋላ መልሰው ለኳቸው። ሕመሙ 31 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምክንያት የሆነው የምላስ ስብ መቅለጡ ነው።

የሆድ ስብም የራሱ ሥራ አለው። ቦርጭ ያለው ሰው ሲጋደም ሆዱ ድያፍራሙን ወደ ላይ ይገፋል፣ ሳንባው ያንሳል። ሳንባ ሙሉ ሲሆን የአየር ቧንቧውን ቁልቁል ወጠር አድርጎ ይይዘዋል፤ ያ ውጥረት ጉሮሮውን ያጸናዋል። ሳንባ ሲያንስ ውጥረቱ ይላላል፣ ጉሮሮውም በቀላሉ ይከደናል። ወንዶች ስብ የሚያከማቹት አንገትና ሆድ ላይ ስለሆነ፣ ጉሮሯቸውም ረዘም ስለሚል፣ ከሴቶች ይልቅ ይጠቃሉ። ሴቶች የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ ግን ልዩነቱ ይጠባል። አንዲት ሴት ስትደክም «ደም ማነስ ነው፣ ሐሳብ ነው» ተብላ የምትመለሰው ብዙ ጊዜ ማንም ታንኮራፊያለሽ ወይ ብሎ ስላልጠየቃት ነው።

የክብደትን ጉልበት በቁጥር ያሳየው በአሜሪካ ዊስኮንሲን የተደረገ ጥናት ነው። 690 ሰዎችን ለአራት ዓመት ተከታትሎ በ2000 ባወጣው ውጤት፣ ክብደቱ 10 በመቶ የጨመረ ሰው የትንፋሽ መቆረጡ በ32 በመቶ ይጨምራል፤ 10 በመቶ የቀነሰ በ26 በመቶ ይቀንስለታል። ሰማንያ ኪሎ የነበረ ሰው ስምንት ኪሎ ጨመረ ማለት ነው። ይህ አሜሪካ በገባ በሁለት ዓመቱ ብዙ ሰው ላይ ያየነው ነው።

ግን ክብደቱስ ቢሆን የሰውየው ጥፋት ብቻ ነው? በ2007 የታወቀ ኤፍቲኦ የሚባል ዘረመል አለ። ከሁለቱም ወላጆች የሚያወፍረውን ዓይነት የወረሱ አውሮፓውያን ካልወረሱት በአማካይ ሦስት ኪሎ ያህል ይበልጣሉ። ዘረመሉ ከረሃብና ከጥጋብ ስሜት ጋር የተያያዘ ነው። ከ217,000 በላይ ፊንላንዳውያንን የመረመረውና በ2021 የታተመው ጥናት ከስሊፕ አፕኒያ ጋር የተያያዙ አምስት የዘረመል ቦታዎችን ሲያገኝ አንዱ ይኸው ኤፍቲኦ ነበር። የዚያው ጥናት ሌላ ስሌት ደግሞ ውፍረት ከሕመሙ ጋር አብሮ የሚሄድ ብቻ ሳይሆን አምጪውም እንደሆነ አመለከተ። እንግዲህ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊወርስ ይችላል፤ ጠባቡን ጉሮሮም፣ ጉሮሮውን የሚሞላውን ስብም። የሚያሳዝነው ይህን የመሰለው ትልቅ የዘረመል ጥናት በአብዛኛው የተሠራው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ መሆኑ ነው። በዓለም ላይ የዘረመል ልዩነት የሚበዛው በአፍሪካውያን መካከል ነው፤ የተመረመርነው ግን ከሁሉ ያነስን ነን።

ወፍራም እንቅልፋምን መውቀስ ግን የቆየ ልማድ ነው። ቻርልስ ዲከንስ በ1836 ማሳተም በጀመረው በመጀመሪያው ልብ ወለዱ ውስጥ ጆ የሚባል፣ በቆመበት የሚያንቀላፋ ወፍራም አሽከር አለ። በ1956 አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን የመሰለ ሕመምተኛ ሲገጥማቸው በሽታውን በዚያ መጽሐፍ ስም ሰየሙት። ለመሳቂያ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ የሕክምና ስም ሆነ፤ ብዙ ሰውም በስሙ ምክንያት ሕመሙን የሆዳምና የሰነፍ ብቻ አድርጎ ኖረ። ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ላይ ጋስቶ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1965 እንቅልፍ ላይ ያሉ ሕመምተኞችን በመሣሪያ እየቀዱ ትንፋሻቸው ደጋግሞ እንደሚቆም ያሳዩት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላም ለዓመታት የነበረው ፍቱን ሕክምና አንገትን ቀዶ ቀዳዳ ማበጀት ብቻ ነበር። ሰው ለመተኛት ሲል አንገቱ ላይ ቀዳዳ ይዞ ይኖር ነበር።

ይህን የቀየረው ኮሊን ሰሊቫን የተባለ የሲድኒ ሐኪም ነው። በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ ነፋስ ቢገባ ነፋሱ ራሱ ጉሮሮውን ከውስጥ ገፍቶ ይከፍተዋል ብሎ አሰበ። በ1981 በአምስት ሕመምተኞች ላይ ያገኘውን ውጤት ላንሴት መጽሔት ላይ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ጩኸታም ነበሩ፤ ጭምብሉ ፊት ላይ በሙጫ ይጣበቅ ነበር። ሰዎቹ ግን ለዓመታት ያጡትን እንቅልፍ በአንድ ሌሊት አገኙ። ዛሬ ሲፓፕ የምንለው የዚያ ልጅ ነው፤ አልጋ አጠገብ ይቀመጣል፣ ድምፁም አይሰማም ማለት ይቻላል።

የአሌክሳንድሪያው ሾፌር ሲፓፕ ጋ የደረሰው ሳይወድ ነው። ከባድ መኪና ለመንዳት የሚያስፈልገው የጤና ካርድ ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ሊያድስ ሲሄድ መርማሪዋ አንገቱን በሜትር ለካችና ከ17 ኢንች በላይ ሆኖ አገኘችው፤ የደም ግፊቱም ከፍ ብሏል። የእንቅልፍ ምርመራ ካላደረግህ አልፈርምም አለችው። ይህን እንድታደርግ የሚያስገድዳት ሕግ የለም። የአሜሪካ መንግሥት የባቡርና የከባድ መኪና ሾፌሮችን የእንቅልፍ ምርመራ የሚመለከት ደንብ በ2016 ማርቀቅ ጀምሮ በ2017 ትቶታል፤ ነገሩ የቀረው በየመርማሪው ኅሊና ላይ ነው። ይህ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ከባድ ጭነት ጭኖ የሚሄድ ሰው ስንት ሰዓት እንደነዳ በኤሌክትሮኒክስ እየተቆጠረ፣ ተኝቶ ያደረው እንቅልፍ እንቅልፍ ይሁን አይሁን የሚጠይቀው የለም።

ምርመራው ቀላል ነበር። ጣቱ ላይ የኦክሲጅን መለኪያ፣ ደረቱ ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫው ሥር ቀጭን ቱቦ አድርጎ ገዛ ቤቱ አደረ። ውጤቱ ከ30 አለፈ፤ ከባድ የሚባለው ነው። «ጭምብሉን የመጀመሪያው ሳምንት ጠላሁት» አለኝ። «ሌሊት ሳላውቀው አውጥቼ እጥለዋለሁ። አሁን ግን እሷ ‹አድርገሃል ወይ?› ስትል እኔ ቀድሜ አድርጌያለሁ።» ካርዱን ለማስቀጠል መሣሪያውን ከአሥር ሌሊት በሰባቱ ቢያንስ ለአራት ሰዓት ማድረጉን ማሳየት አለበት፤ መሣሪያው ራሱ ይመዘግባል። ከሁሉ የገረመው ሽንቱ ነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ ይነሣ የነበረው ሰው አሁን አይነሣም። ትንፋሽ ሲቆረጥ ልብ ይወጠራል፣ ሰውነትም ሽንት የሚያበዛ ሆርሞን ይለቃል፤ እሱ ግን ሁሉንም በስኳርና በዕድሜ ያሳብብ ነበር።

ሲፓፕ ግን ክብደት አይቀንስም፤ እንዲያውም ተጠቃሚዎች በአማካይ ትንሽ እንደሚጨምሩ ጥናቶች ያሳያሉ። ሌሊት ለመተንፈስ ይወጣ የነበረው ጉልበት ይቀራልና። ስለዚህ ሕክምናው ሁለት እግር ያስፈልገዋል። በ2009 ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ባለባቸው 264 ሰዎች ላይ የወጣው ጥናት በአመጋገብና በእንቅስቃሴ በአማካይ ወደ 11 ኪሎ የቀነሱት ሕመማቸው እንደቀነሰና ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ የሚሆኑት ጭራሽ እንደዳኑ አሳየ። የዳኑት ግን ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ አጥንቱ በኪሎ አይቀንስምና። በ2024 ደግሞ ቲርዜፓታይድ የተባለው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋ መድኃኒት በ469 ሰዎች ላይ ተሞከረ። በዓመቱ መድኃኒቱን የወሰዱት ከክብደታቸው አምስተኛ የሚጠጋውን አጡ፤ በሰዓት የሚቆረጠው ትንፋሽ በአማካይ ከ25 እስከ 29 ጊዜ ቀነሰ፤ ባዶ መርፌ የተወጉት ግን የቀነሱት 5 ገደማ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቱን ውፍረት ላለባቸውና ሕመሙ መካከለኛ ወይም ከባድ ለሆነባቸው ሰዎች ፈቀደ። ለዚህ በሽታ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ዋጋው ውድ ነው፣ ሲያቆሙት ክብደቱ ይመለሳል፤ ወደ ኋላ የገባ መንጋጋ ላለው ቀጭን ሰው ደግሞ ምንም አይፈይድም። ለእንዲህ ያለው ሰው ከሲፓፕ ሌላ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ የጥርስ መሣሪያ፣ አንዳንድ ጊዜም የመንጋጋ ቀዶ ጥገና አለ።

አገር ቤትስ? በ2016 የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያት ከመጠን በላይ የሚመዝኑት በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 8 ደርሰዋል። ከተማ ውስጥ ቁጥሩ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በዚያው ዳሰሳ ከመቶ 22 ሴቶች ከሚገባቸው በታች ይመዝናሉ፤ አንድ አገር ውስጥ ሁለቱም አለ። ረሃብን በሚያውቅ ሕዝብ ዘንድ ውፍረት የምቾት ምልክት መሆኑ አይገርምም። ሰው ከዓመት በኋላ ሲገናኝ «ተስማምቶሃል፣ አምሮብሃል» ይባባላል፤ ቃሉ የመጣው ከፍቅር ነው፤ ግን ያማረበት ሰው ሌሊት እየታፈነ ሊሆን ይችላል። ማንኮራፋትም ቢሆን የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ይመስለናል፤ መታፈኑን ደግሞ ዱካክ ነው ብለን እናልፈዋለን። የቀኑን እንቅልፍ በቡናና በጫት የሚያባርር ሾፌር ድካሙ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ ዓመታት ይነዳል። እንጥል ማስቆረጥ መፍትሔ የሚመስለው ቢኖር ደግሞ፣ የባህል እንጥል ቆራጭ የሚያመጣው ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው፤ መንጋጋውንም፣ የምላሱን ስብም አይነካም።

የእንቅልፍ ምርመራ ላብራቶሪ አገራችን ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ለመጠርጠር ግን ላብራቶሪ አያስፈልግም፤ አጠገብ የሚተኛ ሰው ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው፤ ስልክም ድምፅ ይቀዳል። እስኪታከሙ ድረስ በጎን መተኛት፣ ማታ ማታ አልኮል መተውና እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም አለመውሰድ ብዙ ሰው ይረዳል። ሾፌሩም በመጨረሻ ለወንድሙ ሚስት ደውሎ «አንድ ሌሊት ቅጂልኝ» አላት።

ሐኪሞች ዛሬ በየአገሩ የሚጠቀሙበት ስምንት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ጮክ ብለህ ታንኮራፋለህ ወይ፣ ቀን ትደክማለህ ወይ፣ ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ ወይ፣ የደም ግፊት አለብህ ወይ፤ ከዚያም ክብደት፣ ዕድሜ ከ50 ማለፉ፣ የአንገት ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር መብለጡና ወንድነት ይቆጠራሉ። ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ መመርመር ይገባል። መጠይቁን በ2008 ያዘጋጁት ፍራንሲስ ቸንግ የተባሉ የቶሮንቶ ሐኪም ናቸው፤ ሙያቸው ማደንዘዣ ነው። ማደንዘዣና ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሰጠው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፣ አንጎልም ለመታፈን የሚሰጠውን ምላሽ ያደነዝዛል። ሳይታወቅለት ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ሰው ከቀዶ ጥገና ክፍል በሰላም ወጥቶ ማገገሚያ አልጋው ላይ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እናትዎ ለሐሞት ጠጠር፣ አባትዎ ለፕሮስቴት ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው፣ አጠገባቸው የሚተኛ ሰው ትንፋሻቸው ሲቆም አይቶ ከሆነ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይህን ከመርፌው በፊት ይስማ። ሲፓፕ ካላቸውም መሣሪያው አብሯቸው ሆስፒታል ይግባ።